ለትንሽ ሱቅ ዌብሳይት እንዴት ይሰራል፤ ቁልፉ ግን በእጃችሁ ይሁን

ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ከእህቴ ጋር የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ እየሰራን እንሸጣለን። ዌብሳይት ስለማሰራት የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፣ በስልክ ደግሞ ሁሉንም አስረድቼ አልጨርሰውም፣ ስለዚ ያለፍንበትን እዚ ልፃፈው።

"ቴሌግራም ቻናል አለን፣ ቲክቶክ አለን፣ ዌብሳይት ምን ያረግልናል" የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። እኛም እንደዛ ነበር የምንለው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ሲሉ ግን ቻናላችን ላይ የነበሩት ደንበኞች አብረው ጠፉብን፣ የማናቸውንም ስልክ አልመዘገብንም፣ እነሱም የኛን አልያዙም። ጉግል ራሱ ለቢዝነሶች በነፃ ይሰጠው የነበረውን ቀላል ዌብሳይት በማርች 2024 ዘግቶታል። የሰው ቤት ላይ የተሰራ ነገር እንደዚ ነው። ደግሞ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱትን ሱቆች አስቡ፣ ስንቱ ደንበኛ የድሮው ቦታ ሄዶ አጥር አይቶ ተመልሷል። ቴሌግራሙን ተዉት እያልኩ አይደለም፣ የኛ ግማሹ ትዕዛዝ አሁንም ከዛ ነው የሚመጣው። ከቴሌግራሙም ከቲክቶኩም ሰው ዞሮ የሚገባበት የራሳችሁ የሆነ አንድ አድራሻ ይኑራችሁ ነው የምለው።

መጀመሪያ ደብተር

ለአንድ ሳምንት ደንበኛ ደውሎ የሚጠይቃችሁን በሙሉ ደብተር ላይ መዝግቡ። እኛ ጋ ሶስት ነገር ተደጋገመ፦ ንፁህ ቆዳ ነው ወይ፣ ላፕቶፕ ይይዛል ወይ፣ ስም ትፅፉበታላችሁ ወይ። የመጀመሪያው ገፃችን የነዚህ መልስ ነው፣ ከስሩ ስልክና ቦታ። ራዕይና ተልዕኮ የሚባለውን አልፃፍንም፣ ቦርሳ ሊገዛ የመጣ ሰው አያነበውም።

ዋጋ ደግሞ ፃፉ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን ልማድ ተዉት፣ ደንበኛው ሌላ ሱቅ ዋጋ ተፅፎ ካየ ወደዛው ነው የሚሄደው። የቆዳ ዋጋ ስለሚለዋወጥብን እኛ "ከዚህ ብር ጀምሮ" ብለን ነው የምንፅፈው፣ በቂ ነው።

ዶሜይን፣ እዚ ላይ ቀስ በሉ

ዶሜይን ማለት ሰው ፅፎ የሚገባበት ስማችሁ ነው፣ ዶት ኮም ወይ ዶት ኢቲ የሚለው። ሆስቲንግ ደግሞ ፎቶውና ፅሁፉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፣ ሆስቲንግ ቢበላሽ ሌላ ቦታ ይጫናል፣ ስሙ ከጠፋ ግን ጠፋ።

በ2015 ክረምት ለአንድ ጎበዝ ልጅ ከፍለን ዌብሳይቱን አሰራን። ስራው ቆንጆ ነበር። ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል ነው የገዛው፣ "እኔ እይዝላችኋለሁ" አለን፣ እኛም አንድ ራስ ምታት ቀነሰልን ብለን ደስ አለን። በዓመቱ ልጁ ውጭ ሄደ፣ ስልኩ አይሰራም። "አድሱ" የሚለው መልዕክት እሱ በማይከፍተው ኢሜይል ላይ ይላካል፣ እኛ ምንም አናውቅም። ኅዳር 2017 ላይ አንዲት ደንበኛ ደውላ "ዌብሳይታችሁን ስከፍት የቁማር ነገር ነው የሚመጣው" አለችን። ስማችንን ሌላ ሰው ገዝቶታል።

በዛ ሰዓት አድራሻው የታተመበት የጨርቅ ምልክት በየቦርሳው ውስጥ ተሰፍቷል፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ብቻ ከመቶ ሰማንያ በላይ ነበር። እኔና እህቴ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለን በምላጭ ክሩን እየበጠስን ምልክቱን ነቀልን፣ ምላጩ አልፎ ገበሩን የቀደደው ሰባት ቦርሳ በቅናሽ ተሸጠ። የተሸጡትን ቦርሳዎች ደግሞ ከሰው ቤት ማስመለስ አይቻልም፣ እስካሁን ስማችንን ይዘው ወደ ቁማሩ ገፅ ሰው ይልካሉ። ይሄ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ስለዚ እንዲ አርጉ። ለቢዝነሱ ብቻ የሚሆን አዲስ ጂሜይል ክፈቱ፣ በባለቤቱ ስልክ ቁጥር ይሁን እንጂ በሰራተኛ ወይ በዌብሳይት ሰሪው አይሁን፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሩት። ዶሜይኑን በዛ ኢሜይል ራሳችሁ ግዙ። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው አሰራር ከተቀየረ ወዲህ በብር ሲሰላ የድሮው ዋጋ አይደለም ግን አሁንም ከአንድ ቦርሳ አይበልጥም። የዶላር ካርድ ከሌላችሁ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ፣ በቴሌብርም በባንክም ይቀበላሉ። ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ከማንም ግዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አካውንቱ በኔ ኢሜይል ይከፈታል ወይ? ወደ ሌላ ድርጅት ልውሰደው ብል የማዛወሪያ ኮዱን ትሰጡኛላችሁ ወይ? መልሱ ከተንዛዛ ወይ "እሱን እኛ እንይዝላችኋለን" ከተባለ ትታችሁ ውጡ። ከገዛችሁ በኋላ አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ የባለቤት ስም የሚለው ቦታ ላይ ያለው ስም የናንተ መሆኑን በአይናችሁ እዩ። ከቻላችሁ የሁለት ሶስት ዓመት በአንዴ ክፈሉ። ቀኑ ካለፈባችሁም ወዲያው አትደንግጡ፣ ዶት ኮም ጊዜው እንዳለቀ በዛው ቀን ለሌላ አይሸጥም፣ አብዛኞቹ ሻጮች ቀኑ ካለፈ በኋላም የምታድሱበት የተወሰነ የችሮታ ጊዜ ይሰጣሉ፣ ከተሰረዘም በኋላ 30 ቀን ማስመለሻ አለው፣ ቅጣቱ ግን ውድ ነው። እኛ በዛ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ መልዕክት ቢደርሰን ኖሮ ይተርፍ ነበር።

አሁን በዌብሳይት ሰሪ የተሰራላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉለትና ዶሜይኑን ወደናንተ አካውንት ያዛውር። ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም፣ የኛም ልጅ ክፉ አልነበረም።

መስሪያው

አስር አይነት ዕቃ ላለው ሱቅ አንድ ረዥም ገፅ ይበቃል። ዎርድፕረስ የሚባለው የዌብሳይት መስሪያ ነፃ ነው፣ ባለሙያም በቀላሉ ይገኝለታል፣ ግን ፕለጊን የሚባሉትን ተጨማሪ መሳሪያዎች እየጫኑ የሚያድስ ሰው ከሌለ በሩን ለሀከር ከፍቶ መተው ነው፣ ስለዚ ትንሽ ፕለጊን፣ ሁሌ አፕዴት። የደህንነት ሰርተፍኬቱን (አድራሻው በhttps እንዲከፈት የሚያረገውን) በተለየ ዋጋ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ ነፃው ይበቃል በሉት፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው።

አማርኛውን ስታስገቡ የድሮ ብሮሸራችሁ በፓወር ግዕዝ ወይ በቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የድሮ የአማርኛ መፃፊያዎች የተፃፈ ከሆነ ኮፒ አርጋችሁ ስትለጥፉት የማይነበብ ምልክት ነው የሚሆነው፣ በዩኒኮድ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በሚያነበው አፃፃፍ፣ እንደገና መፃፍ አለበት። እኛ ሁለት ገፅ በእጅ ነው የተየብነው። ለመልኩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃና ጥርት ያለ ፎንት ነው። ዋና ዋናዎቹን ቃላት በእንግሊዝኛም ፃፉ፣ አማርኛ ኪቦርድ የማይጠቀም ሰው እንደዛ ነው የሚፈልገው።

ፎቶ በስልክ ይበቃል፣ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ፍላሽ ቡኒ ቆዳን ብርቱካናማ ያረገዋል። ዋናው ክብደቱን መቀነስ ነው፣ ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፣ አስራ ሁለቱን ብትደረድሩ የደንበኛው ፓኬጅ አልቆ ገፁ ገና አልተከፈተም። ስኩሽ የሚባል ነፃ መሳሪያ አለ፣ ወርዱን 1200 ፒክስል አርጉት፣ ዌብፒ (WebP) በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ አይነት አስቀምጡት፣ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ በአይን ልዩነቱ አይታይም።

ማፕና ሰዓት

ጉግል ማፕ ላይ ቢዝነሳችሁን በነፃ መዝግቡና ሊንኩን ዌብሳይቱ ላይ አርጉ። እዚ አገር አድራሻ በቤት ቁጥር አይገኝም፣ እኛ "ከድንጋዩ አንበሳ ሐውልት በእግር አራት ደቂቃ" ብለን ነው የፃፍነው፣ ደረጃው ስንተኛ ፎቅ እንደሚያደርስም ጭምር።

የስራ ሰዓት ስታስገቡ ግን ተጠንቀቁ። እኔ በኛ አቆጣጠር ከ2:30 እስከ 12:00 ብዬ ሞላሁት። ጉግል የተረዳው ከሌሊቱ ስምንት ተኩል እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ የፈለገን ሰው ሁሉ በቀይ "ዝግ" የሚል ያያል። ሶስት ወር እንደዛ ቆየ፣ የነገረን ከታች ካፌ ቁጭ ብሎ ሊመለስ የነበረ ደንበኛ ነው። ጉግሉ ላይ 8:30 እና 18:00 ብላችሁ ሙሉ፣ ዌብሳይቱ ላይ በአማርኛ "ከጠዋቱ 2:30" ብላችሁ ፃፉ።

ክፍያ

ገና ከመጀመሪያው የኦንላይን መክፈያ ካላስገባሁ አትበሉ። ሲነካ የሚደውል ስልክ ቁጥር በ+251 ጀምሮ፣ የቴሌግራም ሊንክ፣ የቴሌብርና የባንክ ቁጥር ይበቃል። ትዕዛዝ ሲበዛ ቻፓን የመሳሰለ የኦንላይን ክፍያ መቀበያ ማገናኘት ይቻላል። ዕቃ የምትለቁት ግን የደንበኛውን ስክሪንሾት አይታችሁ ሳይሆን የራሳችሁ ሂሳብ ላይ መግባቱን አይታችሁ ይሁን።

ሲያልቅ ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ፣ በርካሽ ስልክ ክፈቱት። ከዛ ስለስራችሁ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡትና "የዚን ቦርሳ ዋጋና የሱቁን ቦታ አግኝልኝ" በሉት፣ ምንም አትርዱት፣ ጣቱ የት ጋ እንደሚቆም ብቻ እዩ። እኛ ጋ የህንፃው ጥበቃ ነው የሞከረልን፣ ስልክ ቁጥሩን ፍለጋ እስከ ታች ወርዶ ተመለሰ፣ በዛው ቀን ወደ ላይ አመጣነው።

አዲሱ ዶሜይናችን የሚያልቀው ጥር ላይ ነው። ከመስፊያ ማሽኑ በላይ ያለው የግድግዳ ካላንደር ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ገፅ ላይ በቀይ ተፅፏል፣ የእህቴም ስልክ ላይ አላርም አለ።