ጊብ ሪቨርን በመኪና ማቋረጥ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው

በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ በሚባለው ሰፊ ምድር ውስጥ፣ ከደርቢ ተነስቶ ወደ ኩናናራ የሚዘልቅ 660 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። አብዛኛው ኮረኮንች ነው። ጊብ ሪቨር ይሉታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራው የቀንድ ከብት ከየእርባታው ወደ ደርቢና ወደ ዊንድሃም ወደቦች ለማጓጓዝ ነበር፤ ዛሬም መንገደኛውን የሚያስተናግደው እንደ ከብት ነው። ያንቀጠቅጠዋል፣ አቧራ ያስቅመዋል፣ ያስጠማዋል። ግን በየጥቂት ሰዓቱ ከቀይ ገደል ላይ የሚወርድ ፏፏቴና ከሥሩ የተኛ ጥርት ያለ ኩሬ ያሳያል።

እኔ ከምኖርበት ከፐርዝ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያውን ጉዞ በችኮላዬ አበላሸሁት፤ በአራት ቀን ሰባት ሸለቆ ለማየት አቅጄ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ጎማ አፈንድቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በታች ያለው በሁለተኛው ጉዞ የሠራልኝ ነው።

መጀመሪያ ወቅቱን መምረጥ

ኪምበርሊ እርጥብና ደረቅ የሚባሉ ሁለት ወቅቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ዝናቡ ወንዞቹን ስለሚያጥለቀልቅ መንገዱ ይዘጋል። የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ በግንቦት አካባቢ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምቱ ሲገባ እዚያ ሰማዩ ጠርቶ ደመና እንኳን አይታይም።

ምርጫው እንግዲህ በፏፏቴና በመንገድ መካከል ነው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ፏፏቴዎቹ ጉልበት አላቸው፤ የወንዝ መሻገሪያዎቹም ጥልቅ ናቸው። በነሐሴና በመስከረም መሻገሪያው ይቀላል፣ ፏፏቴው ግን ይሳሳል፤ አንዳንዱም ድንጋይ ላይ የቀረ የውሃ ምልክት ብቻ ይሆናል። ለጀማሪ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለውን እመርጣለሁ። ከመነሳት በፊት የምዕራብ አውስትራሊያ መንገዶች መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ መመልከት ግድ ነው። ወቅት ሳይጠብቅ የዘነበ ዝናብም መንገዱን ለቀናት ሊያዘጋ ይችላል፤ በተዘጋ መንገድ ላይ መንዳት ደግሞ ያስቀጣል።

መኪናና ጎማ

ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያስፈልጋል። የሚከራይ ሰው ውሉን መስመር በመስመር ያንብብ፤ ብዙ አከራዮች መኪናቸው ከአስፋልት እንዲወጣ አይፈቅዱም፤ የሚፈቅዱትም ጊብ ሪቨርን በስም ጠቅሰው ይፈቅዳሉ ወይም ይከለክላሉ። ውሃ ውስጥ ገብቶ የተበላሸ መኪና ብዙ ጊዜ በኢንሹራንስ አይሸፈንም። ከኢትዮጵያ ለጉብኝት የሚመጣ አሽከርካሪ በግራ በኩል እንደሚነዳ አይርሳ፤ ሰው በሌለበት ምድር ላይ ሲነዱ ይህ በቀላሉ ከልብ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህ ጉዞ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በጎማ ነው። የመንገዱ ጠጠር በአንዳንድ ቦታ ክብ አይደለም፤ እንደ ተሰበረ ሸክላ ስለታም ነው። አገር ቤት እንደሚባለው ስኮርታ አንድ ብቻ ይዞ መነሳት እዚህ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ከቸርኬያቸው ጋር። ጎማዎቹ ለከባድ ሥራ የተሠሩ፣ ጎናቸው ወፍራም የሆነ ይሁኑ። ክሪኩን ቤት ሳሉ አውጥቶ መሞከር ጥሩ ነው፤ ለስላሳ አፈር ላይ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ወፍራም ጣውላም ይያዝ።

ከዚያ ንፋሱን ማጉደል ነው። አስፋልት ላይ 38 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የነበረ ጎማ ኮረኮንቹ ሲጀምር ወደ 28 አካባቢ ይውረድ፤ ጭነት የበዛበት መኪና ትንሽ ከፍ ይላል። የተወጠረ ጎማ ድንጋዩን ሲያገኘው ይቀደዳል፤ የረገበው ግን በድንጋዩ ላይ ይተጣጠፋል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞ «ትንሽ ንፋስ ያለው ጎማ ይቃጠላል» የሚለውን የድሮ ምክር ይዤ ነበር ንፋስ ሞልቼ የነዳሁት። ምክሩ እውነት የሚሆነው ንፋስ ቀንሶ እንደ አስፋልት በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ነው፤ ስለዚህ ንፋሱ ሲወርድ ፍጥነቱም አብሮ ይውረድ። የንፋስ መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ካለ፣ አስፋልቱ ሲመለስ መሙላት አያስቸግርም።

ውሃ፣ ነዳጅ፣ ስንቅ

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሊትር ውሃ ማሰብ ነው፤ በዚያ ላይ ለሁለት ተጨማሪ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ። ሁሉንም በአንድ በርሜል መያዝ ስህተት ነው። በመንቀጥቀጡ አንዱ ጀሪካን ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል።

ነዳጅ ደርቢ ላይ ሞልቶ ከወጡ በኋላ አስተማማኙ ማደያ ማውንት ባርኔት ነው፤ ከደርቢ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ወደ ሸለቆዎቹ ለመግባትና ለመውጣት የሚነዳው ግን ከዚህ ላይ ይደመራል። ኮረኮንች ላይ መኪና ከወትሮው የበለጠ ይጠጣል። ዋጋውም ከከተማው በብዙ ይበልጣል፤ ያን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና የመጣ ነዳጅ ነውና መነጫነጩ ከንቱ ነው።

ስንቅ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። በሶና ቆሎ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፣ አይጨፈለቁም፣ ሰው መኪና እየነዳ እንኳን ይበላቸዋል። ሽሮ በአንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ከሰሜናዊ ግዛት ለሚመጣ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ሲገቡ የኬላ ፍተሻ አለ፤ ትኩስ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ማር ይወሰዳል። ማር ለያዘ ሐበሻ ይህ መራራ ነው፤ ከኬላው በፊት በልቶ መጨረስ ይቻላል።

ስልክ የማይሠራበት አገር

ከደርቢ ጥቂት እንደወጡ የእጅ ስልክ ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ የሳተላይት ስልክ መከራየት፣ ወይም ቢያንስ በ406 ሜጋኸርዝ ምልክት የሚልክ የግል የአደጋ ጊዜ አስተላላፊ ይዞ በስም ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ምልክቱ ሲነካ ፍለጋ ይጀመራል፤ ሰው ሲታመም ወይም ሲጎዳ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1928 ጀምሮ በአውሮፕላን ሕክምና የሚያደርሰው የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ይደርሳል። የጉዞውን መስመርና የመመለሻውን ቀን ጽፎ ለዘመድ መስጠት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

መኪናው ቢበላሽ ከመኪናው አለመራቅ ነው። መኪና ከአየር ላይ ይታያል፤ በሣሩ መሀል የሚሄድ ሰው አይታይም።

መንገዱ ላይ

የመንገዱ ወለል እንደ ቤት ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው። መንቀጥቀጡን ለማምለጥ ፍጥነት የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ በፍጥነት ጎማው ጫፍ ጫፉን እየነካ ስለሚሄድ እውነትም ይቀልላል። ዳሩ ግን ያ መኪና መሬቱን በደንብ አልያዘም፤ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል። ከፊት ሦስት ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ከመጣ ወደ ግራ ወጥቶ መቆም ይሻላል፤ ርዝመቱ ከ50 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ አቧራው እስኪበርድም ምንም አይታይም።

በሌሊት አይነዳም። በሰኔ ኩናናራ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቀኑ አጭር ነው፤ ካንጋሩና ላም መንገድ ላይ የሚወጡትም ያኔ ነው። እኔ 9 ሰዓት ሲሆን የትም ብሆን ማደሪያ መፈለግ እጀምራለሁ። ንጋቱም በዚያው ልክ ቀደም ይላል፤ 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ ሻይ ማፍላት ይቻላል።

የሸለቆዎቹ ተራ

ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሄድን እመርጣለሁ፤ መጀመሪያ ላይ አስፋልት ስላለ መኪናና ሰው ቀስ ብለው ይለምዳሉ።

የመጀመሪያው ባንዲልንጋን ነው፤ ብዙ ካርታ ዊንጃና ይለዋል። የኖራ ድንጋዩ ግድግዳ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ የነበረ ሪፍ፣ ማለትም የባሕር ፍጥረታት የገነቡት የድንጋይ ክምር ነው፤ አሁን 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ሥሩ ላይ የንጹሕ ውሃ አዞዎች አሸዋው ላይ ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዚያ ወደ ደቡብ ቢነዱ ቱነል ክሪክ አለ። ወንዙ ተራራውን ቦርቡሮ 750 ሜትር ያህል ዋሻ ሠርቷል። በእጅ ባትሪ፣ እርጥብ በሚሆን ጫማ፣ በውሃው ውስጥ እየተራመዱ ያልፉበታል። የቡኑባ ሕዝብ ተዋጊ ጃንዳማራ ከሰፋሪዎችና ከፖሊስ ጋር ሲዋጋ ይሸሸግበት የነበረው እዚህ ነው፤ የተገደለውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 በዚሁ አካባቢ ነው። እኛ ስንገባ መሀል ላይ ባትሪያችንን አጥፍተን ለጥቂት ደቂቃ ቆምን። የሰማነው የውሃ ጠብታና የሌሊት ወፍ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ቤል ጎርጅ። ከዋናው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገባ ይላል፤ ሳይለንት ግሮቭ ከሚባለው የካምፕ ቦታ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ተገቢ ነው። ፏፏቴው በደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ታች ያለው ኩሬ ላይ ለመድረስ ድንጋይ ለድንጋይ መውረድ ይጠይቃል። በማለዳ የደረሰ ሰው ብቻውን ይዋኛል።

ጋልቫንስ ከመንገዱ ዳር ነው፤ የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በእግር። ፏፏቴው አጠገብ ሆዱ የተነፋ የቦአብ ዛፍ ቆሟል፤ በመተማ ቆላ ባኦባብን ያየ ሰው ዘመዱን ወዲያው ያውቀዋል።

ማኒንግ ጎርጅ መግቢያው ከማውንት ባርኔት ማደያ ነው። ጉዞው በዋና ይጀምራል፤ ወንዙን ተሻግሮ፣ ልብስና ካሜራን በሚንሳፈፍ ሣጥን ገፍቶ፣ ከዚያ በድንጋያማ ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ያህል መሄድ ነው። ዋና የማይችል በታንኳ ይሻገራል። ከሁሉም የወደድኩት ይህ ነው።

ሚቸል ፏፏቴን ለሚቀጥለው ጊዜ መተው ይሻላል። አራት ደረጃ ያለው ድንቅ ፏፏቴ ነው፤ ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይገባል፤ መንገዱም ከጊብ ሪቨር የከፋ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሁለተኛው ጎማ የፈነዳው ወደዚያ ስሄድ ነው፤ ፏፏቴውንም አላየሁትም።

ወንዝ መሻገርና አዞ

መጨረሻ አካባቢ የፔንቲኮስት ወንዝ ይጠብቃል። በሌላ ቦታ ውሃ ከመሻገር በፊት በእግር ገብቶ ጥልቀቱን መለካት ጥሩ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን እግር አይገባም፤ የባሕር አዞ አለበት። ቆሞ ሌላ መኪና ሲሻገር ማየት ነው። ከዚያ በከባድ ማርሽ፣ በሁለተኛ፣ ሳያቆሙና ማርሽ ሳይቀይሩ፣ ውሃውን ከፊት በዝግታ እየገፉ መሻገር። ወጥቶ ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል፤ የራሰ ፍሬን አይይዝም።

ሁለቱን አዞዎች መለየት ይገባል። የንጹሕ ውሃው አፈ ቀጭን ነው፤ ካልነኩት አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። የባሕሩ አፉ ሰፊ ነው፤ ከአምስት ሜትር በላይ ያድጋል፤ ሰው ይበላል፤ በስሙ አይታለሉ፣ ወንዝ ውስጥም ይኖራል። ጫሞ ሐይቅ ላይ የአዞ ገበያን ከጀልባ ያየ ሰው ስለ የትኛው ዓይነት እንደማወራ ይገባዋል። የማስጠንቀቂያ ምልክት ባለበት ወይም ውሃው በደፈረሰበት አይዋኝም፤ ዓሣ አጥቦ ፍርፋሪውን ዳር ላይ መተው አይገባም፤ ድንኳን ከውሃ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ። ደረቅ ሆኖ ለስላሳ አሸዋ ያለበት የወንዝ ሆድ ለመኝታ ቢያምርም እዚያ አይታደርም፤ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ በሌሊት ሊደርስ ይችላል።

ማደር

ቀን ሙቀቱ 30 ዲግሪ ቢደርስም በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ ይዞ መሄድ አያሳፍርም። ብዙው መሬት የነባር ሕዝቦች ወይም የከብት እርባታዎች ስለሆነ በተፈቀደ ቦታ ብቻ ያርፋሉ፤ አንዳንዱ ቦታ አስቀድሞ ፈቃድና ክፍያ ይጠይቃል። ሣሩ ደርቆ ስለሚቆይ እሳት የሚከለከልበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ የጋዝ ምድጃውም የሚፈቀድ መሆኑን መጠየቅ ነው። መጸዳጃ በሌለበት ከውሃ 100 ሜትር ርቆ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ መልሶ መድፈን። ቆሻሻ ሁሉ በመኪና ይመለሳል።

ፔንቲኮስትን ተሻግረው ኤል ኩዌስትሮ የሚባለው የጎብኚዎች ማረፊያ ሲደርሱ ዘቢዲ ምንጮች አሉ፤ በዘንባባ ጥላ ሥር ከድንጋይ መሀል የሚፈልቅ ለብ ያለ ውሃ። ለሕዝብ የሚከፈተው እስከ ቀትር ብቻ ስለሆነ በጠዋት መድረስ ያስፈልጋል። እኛ የደረስነው አቧራ ጆሮአችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር፤ ገብተን ተቀመጥን፤ ጠባቂው ሰዓቱ አበቃ እስኪለን ድረስም ማንም አልተነሳም።