የበራሪ ወፍ ፎቶ ሲበላሽ፦ ችግሩና መፍትሄው

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ ከሰው አጠገብ ይቆማል፤ ቆሞ ሳለ ማንም ያነሣዋል። ችግሩ የሚመጣው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። ፎቶው ሲደበዝዝ ብዙዎች ሌንሱን ይወቅሳሉ። ሌላ ለመግዛት ከመቸኮልዎ በፊት ምስሉን ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አጉልተው ይመልከቱ፤ ብዥታው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

የክንፉ ጫፍ ወይም መላው ወፍ ተስቦ ከታየ
የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት አንሷል። ለአባ ኮዳና ለፔሊካን 1/1600 ሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ክንፋቸውን ቶሎ ቶሎ ለሚመቱት ትንንሽ ወፎች ወደ 1/3200 ከፍ ያድርጉ። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርገው ፍጥነቱንና አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ስፋት) እርስዎ ይወስኑ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት መጠን) አውቶ ላይ ይተዉት። ከፍ ያለ አይኤስኦ የሚያመጣው ሻካራ ነጠብጣብ በኋላ በሶፍትዌር ይቀንሳል፤ ተስቦ የወጣ ላባ ግን አይመለስም።

ወፉ ደብዝዞ ከኋላው ያለው ቄጠማ ከጠራ
ፎከሱ ስቷል። ካሜራው እንቅስቃሴን ያለማቋረጥ በሚከታተለው ፎከስ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካኖን ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይሉታል። በባዶ ሰማይ ላይ ሰፊ የፎከስ ክልል ይሠራል፤ ቄጠማና ዛፍ ባለበት ግን ያጥብቡት። ከሁሉም በላይ፣ ወፉ ፍሬሙን እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ገና በሩቅ ሳለ ይያዙትና እየተከታተሉ ይምጡ።

ጠርዙ ሁሉ የተንቀጠቀጠ ከመሰለ
ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። በእርስዎና በወፉ መካከል ያለው የሞቀ አየር ብርሃኑን እያጣመመው ነው። የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም፤ በሶፍትዌር ማሹል (ጠርዙን ይበልጥ ጥርት ማድረግ) ደግሞ ያብሰዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ያንሡ፤ ርቀቱንም ይቀንሱ።

ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ከወጣ
ደማቁ ሰማይ ካሜራውን አታልሎታል፤ ኤክስፖዠሩን (የምስሉን የብርሃን መጠን) በካሜራው የኤክስፖዠር መለኪያ ላይ በ1 ወይም በ1.7 ይጨምሩ። ነጭ ፔሊካን በጨለመ ውኃ ላይ ሲሆን በተቃራኒው ይቀንሱ፤ አንዴ ነጥቶ የጠፋ ላባ ዝርዝሩ አይገኝም።

ምስሉ ጠርቶም ወፉ ጀርባውን ብቻ ከሰጠ
ይህ የቆሙበት ቦታ ጉዳይ ነው። ወፎች ሲነሡም ሲያርፉም አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ነፋስ ያዞራሉ። ነፋሱም ፀሐዩም ከጀርባዎ እንዲሆኑ ይቁሙ፤ ያን ጊዜ ወደ እርስዎ ይመጣሉ፣ ዓይናቸውም ብርሃን ያገኛል። አንዳንዱ ድንጋይ ወርውሮ ያስነሣቸዋል። ይህ ነውር ነው፤ ደግሞም የደነገጠ ወፍ ከሰው ሸሽቶ ስለሚበር የሚገኘው ጅራቱ ብቻ ነው።

ለማረም ሲቀመጡ መጀመሪያ ነጠብጣቡን ይቀንሱ፤ ከዚያ በማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ ለማረም በሚለይ የሶፍትዌር መሣሪያ) ለይተው ወፉን ብቻ ያሹሉ፤ ሰማዩን ካሹሉት ነጠብጣቡ ተመልሶ ይመጣል። የምስሉን ዳር ሲቆርጡም ከወፉ ኋላ ይልቅ ከምንቃሩ ፊት ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉለት።