ልጄ መርፌ ከመወጋቷ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች

ቡሬ ነው የምኖረው፤ አስተማሪ ነኝ። የ14 ዓመቷ ልጄ ከ9 ዓመቷ ጀምሮ በየ4 ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ትወጋለች። መነሻው የጉሮሮ ሕመም ነበር። ጎረቤት «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጧት» አለን። አላስቆረጥንም፤ ግን ሐኪም ቤትም አልወሰድናትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሻል ሲላት ቁርጭምጭሚቷ ያዛት። «ብርድ ነው» ብለን በቅቤ አሸናት። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ያ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ባመጣው መዘዝ የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ ነበር፤ መርፌው ይህ እንዳይደገም ነው። ከዚያ ወዲህ ከ60 ጊዜ በላይ መርፌ ክፍል አብሬያት ገብቻለሁ።

እኛ ዘንድ መርፌ ያልወጋ ሐኪም ያከመ አይመስለንም። ስለዚህ መጀመሪያ «በሽታው ምንድን ነው? የሚዋጥ አይበቃም ወይ?» በሉ። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ በመርፌም ሆነ በክኒን አይሠራም።

ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመጣል። የባለቤቴን እህት «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ሲሏት «የለም» አለች። የፔኒሲሊን መርፌው ሊቀዳ ሲል ትዝ አላት፦ አንድ ጊዜ ቀይ ካፕሱል ውጣ ገላዋ ሳማ እንደለበለበው ሆኖ ከንፈሯ አብጦ ነበር። ማሸጊያው ቤት ተገኘ፤ አሞክሲሲሊን። እሱ ደግሞ የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። ቀለም ስም አይሆንም፤ ማሸጊያውን ያዙ፣ ምን እንደሆናችሁና ከወሰዳችሁ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመራችሁ ተናገሩ። ሆድ መረበሽ ብቻ ከሆነ አለርጂ አይደለም፤ እሱንም ቢሆን ንገሯቸውና እነሱ ይለዩት። ክንድ ላይ በጥቂቱ ተሞክሮ ካላበጠም ሙሉ ዋስትና አይደለም።

እርግዝና፣ የኩላሊት ሕመም፣ ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ጀንታማይሲን የሚባለው የመርፌ አንቲባዮቲክ ኩላሊትና ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው ሌላው ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ሊያጠነክር ይችላል፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጡንቻው ላይ ሲወጋ ደም ሊቋጥር ይችላል። ሴፍትሪያክሶን ማደንዘዣ በሆነው ሊዶካይን ከተበጠበጠ ደግሞ ለጡንቻ እንጂ ለደም ሥር አይሆንም።

ጠርሙሱን «ላየው» ማለት ነውር አይደለም። ስሙን፣ ከዚያ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዓመቱ የፈረንጅ ነው። 03/2024 የሚለው በእኛ መጋቢት 2016 ላይ ያበቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ካነበባችሁት ያለፈበት መድኃኒት ገና ዓመታት የቀሩት ይመስላችኋል። ሲሪንጁም ከእሽጉ ፊታችሁ ይውጣ።

«ሲስተር፣ አድሬናሊን እዚህ ክፍል አለ?» ብዬ ስጠይቅ መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቹ ይቆጡኝ ነበር። አሁን ገና ስገባ ሳቅ ብለው ያሳዩኛል። ሰውነት መድኃኒቱን አልቀበልም ብሎ ሲቆጣ የሚያድነው እሱ ነው፤ በጭን ጡንቻ፣ ወዲያው። የማሳከክ ክኒን አይተካውም። ከሌለ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር ወዳለበት ሂዱ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በጾም አርብ፣ ምንም ሳትቀምስ ወሰድኳት። ሠራተኛውም ቆማ ወጋት፤ እኔም ዝም አልኩ። መርፌው ሳይወጣ ዘፍ አለች። ልቡ በጣም ለተጎዳ ልጅ እንዲህ መውደቅ ራሱ አደገኛ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን በልታና ጠጥታ ትሄዳለች፣ ተኝታ ትወጋለች፤ ለጾሙ የንስሐ አባቷ ፈቅደውላታል። የእሷ መድኃኒት ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፤ ከቆየ መርፌውን ይደፍናል፣ ደም ሥር ከገባ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መርፌውን ካስገቡ በኋላ፣ መድኃኒቱን ከመግፋታቸው በፊት፣ ሳብ አድርገው ደም አለመምጣቱን ያያሉ። መቀመጫ ላይ ከሆነ ቦታው የላይኛው የውጭ ጥግ ነው። እግር ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘራችሁ ወዲያው ጩኹ፤ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል።

ከዚያ 30 ደቂቃ ሳትሄዱ ቁጭ በሉ፤ ባጃጅ ቢጠብቅም። ማሳከክ፣ የከንፈር ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር ከመጣ አትነሡ፤ ተጣሩ። ልጄ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፤ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። «አባ፣ አንድ ደቂቃ ቀረ» ስትል እኔ ደብተሬ ላይ የሚቀጥለውን ቀን እጽፋለሁ።