የአኳሪየም መቆሚያ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ መስታወት እየቆረጥኩ አኳሪየም መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ደንበኞቼ ስለ ዓሣው፣ ስለ መብራቱና ስለ ውሃ ማጣሪያው አጥብቀው ይጠይቁኛል፤ ስለ መቆሚያው የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም ነው። አብዛኞቹ «ቤት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አለን» ብለው ገንዳውን አስጭነው ይሄዳሉ። ከወራት በኋላ ደውለው «መስታወትህ አፈሰሰ» ይሉኛል፤ ሄጄ ሳየው ብዙውን ጊዜ የከዳው ከሥር ያለው ዕቃ ሆኖ አገኘዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ክብደቱን በዓይን መገመት ነው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ገንዳው በ8 ሚሊ ሜትር መስታወት ከተሠራ መስታወቱ ብቻውን 36 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ጠጠሩ ሲነጠፍበት ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 250 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ በቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ጭኖ ለዓመታት ሳሎኑ ውስጥ የሚያቆም ሰው አላየሁም፤ ውሃ ሲሆን ግን መስታወቱ ስለሚያሳየው ቀላል ይመስላል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ቺፕውድ ነው። ቺፕውድ ማለት የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨፍልቆ፣ ላዩ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተሸፈነ ሰሌዳ ነው፤ ኤምዲኤፍም ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የተሠራ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም በደረቁ ሲያዩአቸው ወፍራምና ከባድ በመሆናቸው ጠንካራ ይመስላሉ፤ ገዢውም በእጁ ነካ ነካ አድርጎ ይረካል። የአኳሪየም መቆሚያ ግን በደረቁ አይመዘንም። ውሃ በተቀየረ ቁጥር ከባልዲው ይንጠባጠባል፣ ከቱቦው ጫፍ ይወርዳል፣ ዓሣው ሲመገብ ይረጫል፤ ይህ ውሃ በሽፋኑ ላይ ተንሸራቶ ጠርዙን ወይም የቪቴውን ቀዳዳ ፈልጎ ይገባል። የጣና ሰው የደንገል ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ወደ ዳር ያወጣውና በፀሐይ ያደርቀዋል፣ ታንኳውም ተመልሶ ይንሳፈፋል። ያበጠ ቺፕውድ ግን ቢደርቅም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ አንዴ የለቀቀ ሙጫም መልሶ አይዝም።

ሽንብጥ አካባቢ አንድ ደንበኛዬ ቤት በክረምት ተጠርቼ የሄድኩት «ውሃው ዘሟል» ተብዬ ነበር። በእርግጥም የውሃው መስመር በግራ በኩል ወደ መስታወቱ አፍ ቀርቦ፣ በቀኝ በኩል የጣት ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ውሃ መቼም አይዘምም፤ የዘመመው መቆሚያው ነው። ጎንበስ ብዬ በግራ በኩል ያለውን የቺፕውድ እግር ስዳስሰው ሽፋኑ ከጠርዙ ተገንጥሏል፤ ጥፍሬን ሳስገባበት ውስጡ እንደ በሶ እየተፈረፈረ በመዳፌ ላይ ቀረ። ባለቤቱ «ጋሼ፣ ሲሊኮን ብንቀባውስ?» አለኝ። ገንዳውን ባስቸኳይ በባልዲ አስቀዳነው።

ሰሌዳ ካስፈለገ ኮምፔርሳቶ፣ ማለትም ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው በሙጫ የተጣበቁበት ሰሌዳ፣ ይሻላል፤ ሆኖም ኮምፔርሳቶ ሁሉ አንድ አይደለም፣ በርካሽ ሙጫ የተጣበቀው በእርጥበት እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገላለጣል። ከመግዛትዎ በፊት የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ይጠይቁ፣ ውፍረቷን ይለኩ፣ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይንከሯትና መልሰው ይለኩ። ሻጩ ቢስቅብዎት ይሳቅ።

የሚቀጥለውን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከዓመታት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት በርካሽ አግኝቼ ለራሴ ገንዳ መቆሚያ ሠራሁ። እንጨቱ እርጥብ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ውፍረቱ አታለለኝ። ኅዳር ገብቶ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ እየተጣመመ ሄዶ አንደኛው እግር ከወለሉ ተነሣ፣ የላይኛው አግዳሚም ተቆለመመ፤ አንድ ማለዳ የገንዳው የታችኛው መስታወት ከማዕዘኑ ተሰንጥቆ ውሃውን በምንጣፉ ላይ አገኘሁት። ሦስት ቆሮሶ ዓሦቼም አብረው ሄዱ። ባሕር ዛፍ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ያጠፋሁት እኔ፣ ሳይደርቅ የቸኮልኩት ነኝ። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ካገኙ ግን አያመንቱ፤ እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ የመጣመም ጠባይ የለበትም፣ ለአናጢም ይታዘዛል።

እንጨቱ ጥሩ ሆኖም አገጣጠሙ የሚያበላሸው ጊዜ አለ። የላይኛው አግዳሚ በእግሮቹ አናት ላይ መቀመጥ ሲገባው፣ ከጎን ተለጥፎ በሁለት ቪቴ ብቻ ይያዛል፤ ያን ጊዜ 250 ኪሎው የሚያርፈው በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በቪቴዎቹ አንገት ላይ ነው። ክብደቱ ከመስታወቱ ወደ አግዳሚው፣ ከአግዳሚው ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ወለሉ ሳይንጠለጠል መውረድ አለበት፤ የቪቴው ሥራ እንጨቶቹ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ መያዝ ብቻ ነው።

ብረት የመረጠ ሰው ከዚህ ሁሉ የዳነ ይመስለዋል። ለጠቀስኩት ገንዳ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ በቂ ነው፤ ስሙ 2 ተብሎ ሲለካ ግን 1.5 የማይሞላ ስለሚያጋጥም ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። ስስ ቱቦላሬ ሲበየድ ይበሳል፣ በያጁም ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይቀባበታል። ስለዚህ መቆሚያውን ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሄደው ይዩት፤ ብየዳው ነጥብ ነጥብ ሳይሆን መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የያዘ መሆኑን፣ የእግሮቹ ጫፍ መዘጋቱንም ያረጋግጡ። አፉ ክፍት የሆነ እግር ወለሉ በታጠበ ቁጥር ውሃ ይስባል፤ ዝገቱም ከውስጥ ስለሚጀምር ከላይ የተቀባው አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አያየውም።

በጎንና በጀርባ በኩል ሰያፍ ድጋፍ የሌለው መቆሚያ፣ ብረትም ሆነ እንጨት፣ ሕፃን ሲደገፈው ይወዛወዛል።

እኛ አገር እንደሚሠራው ያለ፣ ክፈፍ የሌለው ገንዳ የታችኛው መስታወቱ በሙሉ ማረፍ አለበት፤ በመስታወቱና በሰሌዳው መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም ያንጥፉ። ፎሙ ጥቃቅን እብጠቶችን ይውጣል እንጂ የተጣመመ መቆሚያን አያቃናም።

ወለሉን የሚረሱም አሉ። ከሥሩ ሲሚንቶ በደንብ ያልሞላበት ሴራሚክ ሲያንኳኩት የባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በዚያ ላይ ቀጭን የብረት እግር ካቆሙ ይሰነጠቃል። ሊሾ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ በሩ ስለሚያዘነብል በውሃ ልክ ይፈትሹት።

በመጨረሻም ገንዳውን በአንድ ቀን አይሙሉት። እስከ ግማሹ ሞልተው አሳድሩትና፣ ከውሃው ፊት እስከ መስታወቱ አፍ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን በማስመሪያ ይለኩ። አራቱ ልኬቶች ካልተቀራረቡ ውሃውን አውጥተው ሽብልቁን በእግሩና በወለሉ መካከል ያስገቡ፤ በመስታወቱ ሥር አጣጥፈው ካርቶን የሚወትፉ ሰዎች ግን ለአዲስ መስታወት ተመልሰው ወደ እኔ ይመጣሉ።