የአያት ጓዳ ውስጥ የተገኘ የኮካ ጠርሙስ እንዴት ይበላሻል

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የቆየ ቤት ስታጸዱ ከሞሰቡና ከአገልግሉ ጀርባ አንድ ነገር አይጠፋም። የኮካ ጠርሙስ፣ የሚሪንዳ ትሪ፣ የፔፕሲ ሥዕል ያለበት ቀን መቁጠሪያ ወይም ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ መክፈቻ ይገኛል። ከጫጫ እስከ አጣዬ፣ በደሴ መንገድ ዳር ቡና ቤት የነበራቸው ቤተሰቦች ጋ ደግሞ ሳጥኑና የቆርቆሮ ማስታወቂያውም አለ። አሁን አሁን ወጣቶች እነዚህን መሰብሰብ ጀምረዋል። ደስ ይላል። የሚገርመው ግን ስንት ዓመት ጓዳ ውስጥ በሰላም የኖረ ዕቃ በተገኘ በሳምንቱ መበላሸቱ ነው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ገና እንደተገኘ መፈተግ

እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽቦና ኦሞ ነው። ያደግንበት ነገር ስለሆነ አይፈረድብንም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን መስታወቱ ላይ በእሳት የተጋገረ ቀለም ነው። ሽቦ ይልጠዋል፣ ከተላጠ ደግሞ መመለሻ የለውም። የሽንት ቤት ማጽጃማ ጭራሽ አይታሰብ። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና ስስ ጨርቅ ይበቃል። ውስጡን ለማጽዳት አንድ እፍኝ ሩዝ ከሳሙና ውኃ ጋር አስገብታችሁ ናጡት። በጠጠርና በአሸዋ መናጥ የለመዳችሁ ተዉት፣ መስታወቱን ይቧጭረዋል።

በጠርሙሱ ሰፋ ባለው ክፍል ዙሪያ ነጣ ያለ፣ ሻካራ ቀለበት ታያላችሁ። እሱን ለማስለቀቅ የሚታገል ሰው አይቻለሁ። ቆሻሻ አይደለም። ጠርሙሱ ሳጥን ውስጥ ከጎኑ ካሉት ጋር እየተፋተገ፣ ፋብሪካ ገብቶ እየታጠበ፣ እንደገና ተሞልቶ እየወጣ ያተረፈው ጠባሳ ነው። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚናገረው እሱ ነው።

ከማጠባችሁ በፊት ግን ምን ተቀምጦበት እንደነበር ጠይቁ። በእኛ ቤት የለስላሳ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻ ይዞ አያውቅም። ዘይት፣ ማር፣ አረቄ፣ ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ አንዳንዴም የተባይ መድኃኒት ይይዛል። ስለዚህ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አታሽትቱት፣ ሕፃንም አይንካው።

ቆርኪውን መጣል

ቆርኪ መንደር ውስጥ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዳማ የተጫወትነው በእሱ ነው፤ አንዱ በጀርባው፣ ሌላው በሆዱ ገልብጦ። ተጠፍጥፎ የሚስማር መደገፊያ ሆኗል፣ ለሽቦ መኪናም ጎማ ሆኗል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከጠርሙስ ይልቅ ያልተጎዳ የድሮ ቆርኪ ማግኘት የሚከብደው።

የድሮ ቆርኪ ካገኛችሁ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ቆርኪን አሜሪካዊው ዊሊያም ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1892 የባለቤትነት መብት ሲያስመዘግብበት ከውስጥ የሚያሽገው ቡሽ ነበር። ኋላ ላይ ቡሹ በፕላስቲክ ተተካ። ከሆዱ ቡሽ የተገኘበት ቆርኪ እንግዲህ ዕድሜ ጠገብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዳማ የተጫወታችሁበትንም አትናቁት። መሐሉ ተቦርቡሮ ቢሆንም የማን እንደነበር ከታወቀ እኔ ከአዲሱ አስበልጠዋለሁ።

ዛሬ የምትከፍቱትን ለማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ቆርኪው ላይ ሳንቲም ደርባችሁ፣ በመክፈቻው ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ አንሱት። አይታጠፍም። በጥርስ የሚከፍቱት ጎበዞች ይቅር ይበሉኝ፣ ቆርኪውንም ጥርሱንም ያበላሻሉ።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዓመት ማመን

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የቆርቆሮ ማስታወቂያ ላይ «1886» የሚል ያይና ዕቃው የአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ብሎ ይደመድማል። 1886 እ.ኤ.አ. ጆን ፔምበርተን አትላንታ ውስጥ ኮካ ኮላን የቀመመበት ዓመት ነው። ትናንት የታተመ ቆርቆሮም ሊጽፈው ይችላል። በአሜሪካ ጠርሙሶች ላይ የሚገኘው «1915»ም እንዲሁ የጠርሙሱ ቅርፅ የተመዘገበበት ዓመት ነው። ጠርሙሱ የተሠራው ከዚያ በኋላ በብዙ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ለእኛ የሚጠቅሙ ሌሎች ዓመታት አሉ፤ «በእኛ» ወይም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ በእኛ 1950ዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው። የድሬዳዋው ቅርንጫፍ በ1965 ተከተለ። ስለዚህ አገር ውስጥ የታሸገ የኮካ ዕቃ ከ1959 በፊት ሊሆን አይችልም። ከኮካ ጽሑፍ ሥር የሚጠማዘዘው ነጭ ሪባን የመጣው በ1969 ነው። ፔፕሲ ከስሙ ላይ «ኮላ» የምትለውን ከዓርማው ያነሳው በ1962 ነው። ስፕራይት ራሱ የተወለደው በ1961 ነው። «ሞሐ» የሚል ስም ያለበት የፔፕሲ ወይም የሚሪንዳ ዕቃ ድርጅቱ ከተመሠረተበት ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የዋጋ ማንበቢያ መስመር፣ ማለትም ባርኮድ፣ ካለበት ደግሞ «የጃንሆይ ዘመን» የሚለውን ወሬ ባትሰሙት ይሻላል፤ ባርኮድ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1974 ነው፣ ያውም አሜሪካ ውስጥ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እነዚህ ምልክቶች የሚነግሯችሁ «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው። የሚመለስ ጠርሙስ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ዓርማው ተቀይሮም አሮጌው ለዓመታት ሲሞላና ሲሸጥ ይቆያል። ጠርሙሱ የተሠራበትና እናንተ ቤት የገባበት ጊዜ በጣም ሊራራቅ ይችላል። ሌላው፣ ስትጽፉ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለዩ። ሰባት ስምንት ዓመት የተሳሳተ ማስታወሻ አንድን ዕቃ ከጃንሆይ ወደ ደርግ ያሻግረዋል።

የቤተሰቡን ወሬ እንዳለ መዋጥ፣ ወይም እንዳለ መጣል

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አንድ ጠርሙስ አለው። «የአያታችን ሠርግ ላይ የተከፈተ ኮካ» እየተባለ ነው ልጆቹ ያደጉት። ሠርጉ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በእኛ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነበር። ከላይ ያለውን ዓመት ካስታወሳችሁ ነገሩ አይገጥምም። ጠርሙሱ አማርኛ የተጻፈበት ነው፣ ኮካ ደግሞ እዚህ አገር ገና አልታሸገም።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «አባባ አይዋሹም» ብሎ ሙጭጭ አለ። ሌላው «በቃ ተረት ነው» ብሎ ጠርሙሱን ሊጥለው ነበር። ሁለቱም እጅግ ቀላሉን ነገር አላደረጉም፣ አያትየዋን አልጠየቁም።

ሲጠየቁ ሳቁ። «በሠርጋችንማ ጠላና ጠጅ ነበር እንጂ የምን ኮካ!» ጠርሙሱን ያመጣው አዲስ አበባ ተቀጥሮ የነበረው የበኩር ልጃቸው ነው፣ ለጥምቀት አገሩ ሲገባ። ለስላሳው ያኔውኑ ተጠጣ። ባዶውን ጠርሙስ እሳቸው ሸንኮራ ዮሐንስ ይዘው ወረዱ፣ ጠበል ቀዱበት፣ በጨርቅ ውታፍ ደፍነው ተመለሱ።

«ታዲያ እማማ፣ ለምን ለባለሱቁ ሳይመለስ ቀረ?»

«እንዴት ተደርጎ ልጄ! የዮሐንስ ጠበል የገባበትን ለኮካ ልመልሰው?»

የሠርጉ ወሬና የጠርሙሱ ወሬ የተቀላቀሉት በልጆች አፍ ነው። አያትየው ሁለቱንም በአንድ ምሽት ይናገሯቸው ነበር፣ ልጆቹም አንድ አድርገው ያዟቸው። ወሬው ውሸት አልነበረም፣ የተሰፋበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

እኔ ከዚህ የያዝኩት ያቺን ጥያቄ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ መመለስ ያለበት ዕቃ ነው። ባዶ ሳያመጡ ሙሉ አይገዛም፣ ማስያዣም ይጠየቅበታል። ስለዚህ ሰው ቤት የቀረ እያንዳንዱ ጠርሙስ የቀረበት ምክንያት አለው። አንዱ ቤት ኩራዝ ሆኖ ነው የቀረው። ሌላው ቤት ከአራስ ጥየቃ የተረፈ ነው። ደብረ ሲና የማውቃቸው አንድ እናት ጋ ያለው ልጃቸው ለዘመቻ ሲነሳ ጠጥቶ ጠረጴዛ ላይ የተወው ነው፤ ልጁ አልተመለሰም፣ እሳቸውም ጠርሙሱን አልመለሱም። «ስንት ያወጣል?» ብሎ የሚጀምር ሰው ይህን አይሰማም። «ለምን ሳይመለስ ቀረ?» በሉ።

ለባዶ መለወጫ መስጠት

አጭር ነው፣ ግን ብዙ ዕቃ የጠፋው በዚህ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፣ ባለሱቁ «ባዶ አምጣ» ይላል። ልጁ ቡፌው ላይ ያለውን ያነሳል። ማታ ላይ ጠርሙሱ መኪና ላይ ነው። ቆራሌው ሲጮህ የሚወጡትም እንደዚያው ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከመጠጫ ዕቃዎች ጋር አታስቀምጡት።

ወረቀቱን ላሚኔት ማስደረግ

የድሮ ቀን መቁጠሪያና ፖስተር ስናገኝ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት መሮጥ ልማዳችን ነው። ላሚኔት በሙቀት የሚጣበቅ ፕላስቲክ ነው፣ ወረቀቱን ሳይቀድዱ መልሶ ማንሳት አይቻልም። በፕላስተር መለጠፍም ያው ነው። ፕላስተሩ ይደርቅና ይወድቃል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በስስ ንጹሕ ወረቀት መሐል ዘርግታችሁ፣ ሳትጠቀልሉ፣ አይጥና እርጥበት በማይደርስበት አስቀምጡት። ክረምት ላይ ከጭቃ ግድግዳ አርቁት።

ግድግዳ ላይ ከጋዜጣ ጋር የተለጠፈ ከሆነ ለመላጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በደንብ ፎቶ አንሱት። የምድጃ ጥላሸት ከያዘውም በእርጥብ ጨርቅ አትንኩት፣ ጥላሸቱ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። በደረቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ ላዩን ብቻ አራግፉ። ቀን መቁጠሪያ ዓመቱን ራሱ ስለሚናገር ከሁሉም የሚታመን ምስክር ነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ላሚቱ ወለደች» ወይም «ማኅበር እኛ ቤት» የሚል ካገኛችሁማ ዕድለኞች ናችሁ። እንዳታጠፉት።

ሙሉውን እንደታሸገ ማቆየት

ያልተከፈተ ነገር የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስላል። ጣሳ ከሆነ ለስላሳው አሲድ ስላለው ከጊዜ ብዛት ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ አንድ ቀን ያፈስና አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያጨማልቃል። ሰብሳቢዎች ከታች በኩል በሚስማር ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በስተው ያፈሱትና፣ አለቅልቀው ያደርቁታል፣ ላዩ እንደታሸገ ይቆያል። ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ የደብረ ብርሃንን ውርጭ አስቡ። ውኃ ሲረጋ ይሰፋል፣ መስታወት ግን አይሰፋም። ከኅዳር እስከ ጥር በረንዳ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ውርጭ አያሰጋችሁም፣ የእናንተ ጠላት ፀሐይ ነው፤ ቀይ ቀለምንና የፕላስቲክ ሳጥንን ታነጣለች።

የመጠጣት ሐሳብ የመጣበት ካለ ይተወው።

ገዢ ሲመጣ መደንገጥ ወይም መጎምጀት

የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት የኮካ ጠርሙስ ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፣ ይህ እውነት ነው። ግን እጅግ ብዙ የተመረተ ዕቃ ነው፣ ቤት አይሠራም። ዋጋውን የሚወስነው አፉ አለመሸረፉ፣ ቀለሙ አለመላጡና ዘመኑ ነው። ለእናታችሁ ታሪክ ገዢው አይከፍልም፣ እንዲከፍል መጠበቅም ትክክል አይደለም። ሁለት ተመሳሳይ ካላችሁ ታሪክ የሌለውን ሽጡ። ከቤተሰብ ፎቶ ላይ የሚታይ ዕቃ ካለ ግን እኔ ብሆን አልሸጠውም። የድሮ የሠርግ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹ ፊት የተደረደሩትን ጠርሙሶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓርማቸውን በማጉያ እዩ፣ ፎቶው መቼ እንደተነሳም ይጠቁማሉ።

ሳይጽፉ መቆየት

ሰው ሲያወራ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፁን ቅዱ። ዕቃውን እጃቸው ላይ ስጧቸው፣ ሲይዙት ይበልጥ ያስታውሳሉ። ማን አመጣው፣ በምን ምክንያት፣ ምን ተቀመጠበት፣ ለምን ሳይመለስ ቀረ። የተናጋሪውን ስምና ቀኑንም ጨምሩ፣ አለበለዚያ የልጅ ልጃችሁ የማን ድምፅ እንደሆነ አያውቅም።

በማርከር ጠርሙሱ ላይ አትጻፉ። ጠንከር ያለ ወረቀት ቁረጡ፣ በእርሳስ ጻፉበት፣ በጥጥ ክር አንገቱ ላይ እሰሩት። ፎቶውንና ድምፁን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በተቃጠለችበት ጊዜ ከቤታቸው ምንም ሳይዙ የወጡ ሰዎች ይህን መክረው አይጠግቡም፤ አዲስ አበባ ያለች እህት ስልክ ውስጥ የተገኘች አንዲት ፎቶ ለእነሱ ብዙ ናት።