ጠባብ ቁምሳጥን ላለው ወንድ የሙቀት ወራት አለባበስ

ሙቀት ሲመጣ ብዙ ወንድ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው። ሱቅ ይሄዳል፣ ሁለት ሦስት ቲሸርት ይገዛል፣ ከወፍራም ሹራቦቹ ጋር ጠቅጥቆ ያስገባል። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ቁምሳጥኑን ከፍቶ ይቆማል፤ ልብስ ሞልቶ የሚለበስ የለም። ችግሩ የልብስ ማነስ አይደለም። ልብሶቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ያ አበባ ያለበት ሸሚዝ የሚሄደው ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ ነው፣ ሱሪው ደግሞ ከአንድ ጫማ ጋር ብቻ። ሰፊ ቁምሳጥን ያለው ሰው እንዲህ ዓይነት ልብስ ቢያስቀምጥ ምንም አይደለም። ላንተ ግን ቦታ ይበላብሃል።

ስለዚህ አንድ ሕግ ያዝና እሱን አጥብቀህ ጠብቅ፦ አንድ ልብስ ቁምሳጥንህ ውስጥ የሚገባው እዚያ ካሉት ቢያንስ ከሦስት ሌሎች ልብሶች ጋር መለበስ ከቻለ ብቻ ነው። ሂሳቡን አስበው። ስድስት የላይ ልብስና አራት ሱሪ ኖረውህ ሁሉም እርስ በርስ ቢሄዱ 24 ዓይነት አለባበስ ይወጣልሃል፣ የያዝከው ቦታ ግን የአሥር ልብስ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄዱ 15 ሸሚዞች ቢኖሩህ የሚወጣልህ 15 ብቻ ነው፣ ያውም ሱሪዎቹን ሳይጨምር ቁምሳጥኑ ሞልቶ።

መጀመሪያ አውጣ

ከመግዛትህ በፊት ሁሉንም ልብስ አውጥተህ አልጋ ላይ ዘርጋው። ሁሉንም። ወፍራም ሹራብ፣ ካፖርት፣ የሱፍ ሱሪ፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ የማትነካቸው ስለሆኑ ሻንጣ ውስጥ ገብተው ከአልጋ ስር ወይም ከቁምሳጥኑ አናት ላይ ይቀመጡ። ግን ሳይታጠቡ አይግቡ። የሱፍ ልብስ የሚበሳው የሚበርረው ብል ራሱ ሳይሆን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ ትሉ ደግሞ ላብና የምግብ እድፍ ያለበትን ሱፍ ይበልጥ ይወዳል። አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ ሻንጣውን ጥርቅም አድርገህ ዝጋ። አየሩ የሚመጠጥ የፕላስቲክ ከረጢት ብዙ ቦታ ይቆጥባል፣ ለሹራብና ለብርድ ልብስ ጥሩ ነው፤ በላባ የተሞላ ጃኬት ግን ለወራት ታፍኖ ከቆየ የቀድሞ ውፍረቱ ላይመለስ ይችላል፣ እሱን ላላ አድርገህ አስቀምጠው።

የቀረውን መልሰህ ስቀል። ሁለት ልብሶች መካከል እጅህን ያለ ትግል ማስገባት የምትችልበት ደረጃ ላይ ስትደርስ ቁም። አሁን መስቀያዎቹን ቁጠራቸው። ያ ቁጥር የቁምሳጥንህ ልክ ነው፤ ከዚህ በኋላ አዲስ ሲገባ አንድ ይወጣል። ወፍራም የእንጨት መስቀያ ካለህ ለኮት ብቻ ተወውና ሸሚዞቹን በስስ መስቀያ ቀይራቸው፣ በዚያው ዘንግ ላይ ብዙ ቦታ ይከፈትልሃል። በሹራብ አሠራር የተሠራ ነገር፣ ማለትም ሹራብና የሹራብ ፖሎ (ከስስ ክር እንደ ሹራብ የተሠራ ባለ ኮሌታ ቲሸርት)፣ በጭራሽ አይሰቀል። በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ ትከሻው ላይም የመስቀያው ጫፍ ጉብ ያለ ምልክት ይተዋል። ቲሸርት አጣጥፈህ መሳቢያ ውስጥ በላይ በላዩ አትደርድር፤ እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን አቁመው፣ መሳቢያውን ስትከፍት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታይሃል፣ ከታች የተረሳ የሚባል ነገር አይኖርም።

ከሞዴሉ በፊት ጨርቁን እይ

ለሙቀት ልብስ ስትገዛ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ቀለሙንና ሞዴሉን አይቶ ይከፍላል። እኔ መጀመሪያ የማየው አንገቱ ውስጥ ወይም ጎኑ ስፌት ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፤ ከአየር ላይ ብቻ እንኳ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል። ፖሊስተር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላቡ ጨርቁ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ቆዳህ ላይ ይቀራል፣ ሽታም ቶሎ ይይዛል። ለስፖርት ተብሎ የተሠራ ፖሊስተር ሌላ ነገር ነው፣ ላቡን ወደ ውጭ አውጥቶ ቶሎ ስለሚደርቅ ለሩጫ ተመራጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚለበስ ሸሚዝ ግን አልመክርህም።

ከሁሉም የሚበልጠው ሊነን ነው። ከተልባ ተክል ግንድ ከሚወጣ ቃጫ ይሠራል፣ ከጥጥ የበለጠ እርጥበት ይይዛል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጨርቁም ጠንከር ስለሚል ሰውነት ላይ አይጣበቅም። አየር በመካከሉ ያልፋል። ይጨማደዳል፣ አዎ። ቃጫው የመለጠጥ ባሕርይ ስለሌለው አንዴ ከታጠፈ በራሱ አይመለስም። ይሄን ካልወደድክ ጥጥና ሊነን ተቀላቅሎ የተሠራውን ውሰድ፣ መጨማደዱ ይቀንሳል፣ ቅዝቃዜውም ብዙ አይጠፋም። ሲርሳከር የሚባለው ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ የጥጥ ጨርቅም አለ፤ ጉርብጥብጡ ጨርቁን ከቆዳ ስለሚያርቀው ይቀዘቅዛል፣ ካውያም አይፈልግም። ቦታና ጊዜ ላጠረው ሰው እንዲህ ያለ ሸሚዝ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

መቶ በመቶ ጥጥ ስለተባለ ብቻ ግን አትመን። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ሳሳ ብሎ ከተሸመነው በጣም ይሞቃል። ሱቅ ውስጥ ሸሚዙን አንስተህ ወደ መብራት አቅናውና እጅህን ከኋላው አድርግ። የጣቶችህ ጥላ በትንሹ ከታየ አየር ያስገባል። ምንም ካልታየ ለቀዝቃዛ ቀን ነው፣ ጣቶችህ ራሳቸው ከታዩ ደግሞ ደረትህም ሊታይ ነው ማለት ነው። ቀጥለህ የሸሚዙን ጫፍ በመዳፍህ ጨብጠህ እስከ አሥር ቆጥረህ ልቀቀው። ጭምድድ እንዳለ ከቀረ ቢሮ ስትደርስም መልኩ ያ ነው። የቲሸርት ክብደት በካሬ ሜትር በግራም ከተጻፈ ከ140 እስከ 180 ያለውን ፈልግ። ከ200 በላይ ከሆነ ቅርጹ ያምራል፣ ግን ይሞቃል።

ቀለም

እዚህ ብዙ አልቆይም። ከታች ለሚለበሰው ቢዥ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ የወይራ አረንጓዴ። ከላይ ለሚለበሰው ነጭ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ክሬም፣ ጥቁር ሰማያዊ። እነዚህን ጨለማ ውስጥ እያነሳህ ብትለብሳቸውም አይጣሉም። ጌጥ ወይም አበባ ያለበት አንድ ሸሚዝ ይኑርህ፣ አንድ ብቻ፣ ያውም ከላይ ከተጠሩት ቀለሞች አንዱ በውስጡ ያለበት። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቲሸርት ተጠንቀቅ፤ ላብን እንደሱ የሚያጋልጥ ቀለም የለም፣ ብብት ስር ጠቆር ያለ ክብ ይሠራል። ነጭና ጥቁር ሰማያዊ ይሸፍኑልሃል። ጥቁር ደግሞ የፀሐይ ሙቀት ይስባል፣ በተደጋጋሚ ሲታጠብም ይደበዝዛል፣ ለምሽት ካልሆነ ቦታ አይገባውም ባይ ነኝ።

ምን ይኑርህ

ከላይ፦ ሁለት ቲሸርት፣ ነጭና ጥቁር ሰማያዊ። አንድ ኮሌታ ያለው የሹራብ ፖሎ። አንድ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝ። አንድ ነጭ ወይም ክሬም የሊነን ሸሚዝ። አንድ ክፍት ኮሌታ ያለው አጭር እጅጌ ሸሚዝ፣ ጌጥ ያለው እሱ ይሁን። ሁለቱ ሸሚዞች ረጅም እጅጌ ቢሆኑ ይሻላል፤ እጅጌውን ክርን ድረስ ጠቅልለህ ቀን ትለብሰዋለህ፣ ማታ ወይም ስብሰባ ላይ ትዘረጋዋለህ፣ አንዱ ሸሚዝ የሁለት ሥራ ይሠራል። ሊነኑን ደግሞ ቁልፉን ከፍተህ ከነጭ ቲሸርት በላይ እንደ ስስ ጃኬት መደረብ ትችላለህ።

ስለ ፖሎው ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ቦታ ለጠበበው ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። ስትገዛ ኮሌታውን በጣትህ ቀና አድርገህ ልቀቀው። ልፍስፍስ ብሎ ከወደቀ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጠርዙ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። በራሱ የሚቆም፣ ከአካሉ ጋር በአንድ ዓይነት ክር የተሠራ ኮሌታ ያለውን ፈልግ። እንዲህ ያለ ፖሎ ከቁምጣ ጋር ለመዝናኛ፣ ከቢዥ ሱሪ ጋር ለቢሮ፣ ከኮት ስር ደግሞ ለሠርግ እራት ሳይቀር ያስኬዳል።

ከታች፦ አንድ ቢዥ የጥጥ ሱሪ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ስስ ሱሪ፣ አንድ የወይራ አረንጓዴ ወይም ክሬም የሊነን ሱሪ፣ አንድ ቁምጣ። ጂንስ ካልለበስኩ የምትል ከሆነ ስስ ጂንስ በአንዱ ቦታ ተካ፣ ተጨማሪ ግን አታድርገው። ቁምጣው ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም። ጉልበት ሸፍኖ የሚወርድ ቁምጣ እግርን ያሳጥራል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትልልቅ ኪስ ያለው ከሆነ ደግሞ ከሸሚዝ ጋር አይሄድም፣ ስለዚህ ሕጋችንን አያልፍም።

ኮት ካስፈለገህ አንድ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበር የሌለው ወይም ጀርባው ላይ ብቻ ግማሽ ገበር ያለው። ብዙ ጊዜ ሙቀት የሚፈጥረው የውጭ ጨርቁ ሳይሆን ውስጡ ያለው የፖሊስተር ገበር ነው።

ጫማ ሦስት ይበቃል። ያለ ብዙ ጌጥ ነጭ የቆዳ ስኒከር፣ ቡናማ ሞካሲን፣ ሰንደል። ቀበቶህ ከሞካሲኑ ቀለም ጋር ይቀራረብ። ለሁለቱ ጫማዎች ተረከዙ ላይ ሲሊኮን ያለበት የማይታይ አጭር ካልሲ ግዛ፣ ሲሊኮኑ ከሌለው ስትራመድ እየተንሸራተተ ጫማህ ውስጥ ይጠቀለላል። ባዶ እግር ሞካሲን መልበስ ያምራል፣ ግን ላቡ ቆዳውን ያበላሻል።

ልክ

ጥሩ ጨርቅ ልኩ ካልሆነ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የትከሻውን ስፌት እይ፤ ትከሻህ አልቆ ክንድህ የሚጀምርበት አጥንት ላይ ማረፍ አለበት። እዚያ ካላረፈ ቅናሽ ቢሆንም ተወው፣ ምክንያቱም ወገብ ማስጠበብና እግር ማሳጠር ለማንኛውም ልብስ ሰፊ ቀላል ነው፣ ትከሻ ማስተካከል ግን ልብሱን እንደገና መስፋት ማለት ነው። የቲሸርት እጅጌ የላይኛው ክንድህ መሃል አካባቢ ይቁም። ለሙቀት ሲሆን ሁሉንም ነገር ትንሽ ላላ አድርገው፣ በተለይ ሊነንን። በልብሱና በቆዳህ መካከል የሚዘዋወረው አየር ነው የሚያቀዘቅዝህ፣ ጠባብ ሸሚዝ ምንም ያህል ስስ ቢሆን ያንን ይዘጋዋል። ሱሪው ጫማህን ነክቶ ሳይታጠፍ ወይም ቁርጭምጭሚትህ ላይ ይቁም። ሱሪ ገዝተህ እግሩን ሳታስተካክል አትልበስ፣ አንድ ተራ ሱሪ በልክህ ሲቆረጥ ውድ ይመስላል።

አጠባበቅ

ልብስህ ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ስለዚህ አያያዝህ ካላማረ በአንድ ወቅት ያልቃል። ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በ30 ዲግሪ እጠብ፣ ባለ ቀለሙን ጥላ ላይ አስጣ። ሊነን ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ነካ ስታደርገው ገና እርጥብ እርጥብ ሲል፣ በደንብ በጋለ ካውያ ተኩሰው። ከደረቀ በኋላ ብትታገለው እጥፋቱ አይለቅም።

የነጭ ቲሸርት ብብት የሚቢጨው በላብ ብቻ አይደለም። ላብ የሚያግድ ዲዶራንት ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ከላቡ ጋር ሲገናኝ ነው ቢጫው የሚመጣው። ዲዶራንቱ ቆዳህ ላይ እስኪደርቅ ጠብቀህ ልበስ፣ ያወለቅከውንም ቶሎ እጠበው። ቢጫውን በበረኪና ለማጥፋት አትሞክር፣ ያባብሰዋል። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰህ ቦታው ላይ ቀብተህ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተህ እጠበው። ጫማን ደግሞ ሁለት ቀን በተከታታይ አትጫም፣ የገባው ላብ እስኪወጣ አንድ ቀን ይረፍ።

ከየት ልጀምር ካልክ

ገንዘብህ አንድ ላይ ለሁሉም ካልበቃ ከሱሪና ከጫማ ጀምር። ቲሸርትና ሸሚዝ ሁሉም ሰው ቤት አይጠፋም፣ ጥሩ ልክ ያለው ቢዥ ሱሪና ንጹሕ ነጭ ስኒከር ሲገባ ግን ያሉህ አሮጌ ሸሚዞች ራሳቸው አዲስ ይመስላሉ። ቀጥሎ የሊነኑ ሸሚዝ፣ ከዚያ ፖሎው። ኮትና ጌጥ ያለው ሸሚዝ መጨረሻ ይምጡ። ሊነን ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ዋጋው ስለሚወርድ ለሚቀጥለው ዓመት ያኔ መግዛት ይሻላል፤ ቀለሞቹ ፋሽን የሚያልፍባቸው አይደሉም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የሙቀቱ ወራት ሲጀምር ሁሉንም መስቀያ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ መንጠቆው ወደ አንተ እያየ ስቀል። አንድ ልብስ ለብሰህ፣ አጥበህ ስትመልሰው በትክክለኛው አቅጣጫ ስቀለው። ወቅቱ ሲያልቅ መንጠቆው እንደተገለበጠ የቀረውን ልብስ አንድ ጊዜ እንኳ አልለበስከውም ማለት ነው። የሠርግ ወይም የሐዘን ልብስ ካልሆነ በቀር አጥበህ፣ ተኩሰህ ለሚለብሰው ሰው ስጠው፣ ባዶ በቀረው መስቀያ ላይ የሚሰቀለውን ከዚያ በኋላ ትፈልጋለህ።