አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ ላንጋኖ፦ ጉዞውን እንዴት እናቅደው?

ባህር የለንም። ላንጋኖ ግን አለልን። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ አሸዋ አለው፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበልም አያጣውም። ልጆቹ ባህር ነው ካሉ ባህር ነው።

ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ሆነን ለሦስት ሌሊት አንድ ቤት ተከራየን። ሁሉም ጠቁሮና አርፎ ተመለሰ። እናቴ ግን ሐይቁን ያየችው በኩሽናው መስኮት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮውን ዕቅድ ከቤቱ በፊት ከድስቱ ጀመርነው። እንዴት እንደሠራን ላካፍላችሁ።

ሰው ቁጠሩ፣ ብር ሰብስቡ

መጀመሪያ ላይ ሁሉም "አለሁበት" ይላል። ትክክለኛው ቁጥር የሚታወቀው ብር ሲጠየቅ ነው። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ሳለን በአጥር ተጣርቶ መንገር ይበቃ ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አያት፣ አንዱ ጀሞ ነው። እናም እሁድ ጠዋት ለሁላችንም መሀል የሆነች አራት ኪሎ ያለች ኬክ ቤት ተቀጣጠርን። ማኪያቶው ሳያልቅ ስንት ሰው፣ መቼ፣ በነፍስ ወከፍ ስንት፣ ገንዘቡን ማን ይያዝ የሚለውን ጨረስን።

ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው ይሁን። ይሉኝታ የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። እኛ ቤት ታናሽ እህቴ ናት። በቴሌብር ካልገባላት ስም አትጽፍም።

እዚያው ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ወረቀት ላይ ጻፉ። "አራት መኝታ ቤት" ሲባል ለሁሉም የሚበቃ ይመስላል። ግን ትልቁ አጎቴ ያንኮራፋሉ፣ አያቴ ደረጃ አይወጡም፣ ሁለቱ ጎረምሶች አንድ አልጋ ላይ አይተኙም። ይህን ካላወቃችሁ ስንት ክፍል እንደሚያስፈልጋችሁም አታውቁም።

ቀኑ

ዓርብ ማታና ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ከሆነ እሁድ ገብታችሁ ረቡዕ ውጡ። ሰው ሁሉ ጠቅልሎ ሲመለስ እናንተ ትገባላችሁ። ዋጋ ለመከራከርም ያመቻል። ጾሙንም አስሉት፤ ጉዞው ሁዳዴ ውስጥ ከወደቀ የምግቡ ነገር እንዳለ ይቀየራል።

ቤቱን በቪዲዮ አስጎብኙኝ በሉ

ላንጋኖ የሎጅ ጎጆም አለ፣ የግለሰብ ቤትም አለ። በሰው በሰው፣ በደላላ ወይም በቴሌግራም ይገኛል። ፎቶ አይታችሁ ግን ቀብድ አትላኩ። እኛን የሸወደን "ሐይቁ ዳር" የሚለው ቃል ነው። እውነትም ዳር ነው። በመካከላችን ግን የሌላ ሰው አጥር ነበር። ውሃው ጋ ለመድረስ በጠራራ ፀሐይ ሃያ ደቂቃ መዞር ነበረብን።

ዘንድሮ እህቴ ሰውየውን ቪዲዮ ደወለችለት። "እስቲ ቧንቧውን ይክፈቱት።" ከፈተ። "ፍሪጁን?" ከፈተ፤ ውስጡ ጨለማ ነው። "አሁን ከበሩ ተነስተው ወደ ሐይቁ ይሂዱልኝ።" እሱ ሲራመድ እሷ እርምጃ ትቆጥራለች። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ እየሳቀ "እህቴ፣ ልትገዢው ነው እንዴ?" አላት። ፍሪጁን ግን አሠራው።

እነዚህን ሳትጠይቁ ስልኩን አትዝጉ። ውሃ ሲጠፋ ታንከር አለ? መብራት ሲጠፋስ ጄኔሬተር? ምድጃው የጋዝ ነው የኤሌክትሪክ? ሲሊንደሩን የሚያስሞላው ማን ነው? ትልቁ ድስት ለስንት ሰው ይበቃል? አጎበር ለሁሉም አልጋ አለ? ዘበኛው ያድራል? ሾፌሩስ የት ነው የሚተኛው? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳል። ከዚያ ሰውየው መኪና ውስጥ ያድርና በነጋታው እንቅልፍ እያዳፋው ይነዳችኋል።

ሎጅ ከሆነ የተነገራችሁ ዋጋ ሁሉንም ያካተተ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ቦታ 10 በመቶ ሰርቪስና በላዩ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። በዚህ ስሌት 10,000 ብር የተባለው 12,650 ይሆናል። ለአሥራ አንድ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ቀብዱ በባንክ ይሁን፤ የተቀባዩ ስም ከምታወሩት ሰው ስም ጋር መግጠሙን እዩ። ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። "መንገድ ከተዘጋ ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል" የሚለውን በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ከቃል ይሻላል።

ድስቱ

ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት አዲስ አበባ፣ በራሳችሁ ምድጃ፣ ቁሌቱን ጨርሱት። እኛ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ተካፍለን ልጠን፣ በበርበሬና በዘይት በደንብ አብስለን፣ ክዳን ባላቸው ሦስት ዕቃዎች አደረግነውና ፍሪዘር ውስጥ እንደ ድንጋይ አደረቅነው። መንገድ ላይ ለሥጋው በረዶ ሆነለት። እዚያ ስትደርሱ በቀን አንዱን ማውጣት ነው። ሥጋ ጨመራችሁበት፣ እንቁላል ጨመራችሁበት፣ ወጡ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እንጀራ በቁጥር ይያዝ። አዋቂ በቀን ሁለት፣ ልጅ አንድ። ሰባት አዋቂና አራት ልጅ በቀን 18 ይሆናል። የሁለት ቀን 36 ያዙ፣ ከዚያ አትለፉ። ላንጋኖ ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ያለ ሞቃት ቦታ ነው፤ እንጀራ እዚያ እንደ አዲስ አበባ አይቆይም። ለሦስተኛው ቀን ድርቆሽ ይዘን ሄድን። ጠዋት ፍርፍር ሆነ፣ ማንም አላማረረም።

የማብሰል ተራውንም ከወዲሁ በስም ጻፉት፤ ወንዶቹም ይግቡበት። ጀበናና ከሰል አትርሱ። ቡናውን ግን በጠዋት አፍሉ። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ አመዱ ስኒው ውስጥ ነው።

መንገዱ

እኛ አንድ ዶልፊን ሚኒባስ ያዝን። መገናኛ ቦታ ስታዲየም፣ 2 ሰዓት ለመነሳት 1 ሰዓት ተባባሉ። ምክንያቱን እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። በቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂ አድርጋችሁ ባቱ። ባቱ ላይ ዓሣ ብሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ምሳ ከድስት ወጣ ማለት ነው። በዚያው ጠዋት ቤቱ ያለውን ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ከመሸ አትጓዙ። ሽንኩርትና ሐብሐብ መቂ ላይ በመልስ ይገዛል።

ውሃው

ላንጋኖ ሻይ በወተት ይመስላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ነው። የቀለሙ አደጋ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጉልበታችሁ ድረስ ስትገቡ እግራችሁን አታዩትም። ልጅ ጭንቅላቱ ከጠለቀ የት እንዳለ አይታይም። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ የሚቀያየር ጠባቂ መድቡ፤ በተራው ስልክ መነካካት የለም። ጠዋት ውሃው የተረጋጋ ነው፤ ትንንሾቹ ያኔ ይግቡ። ጉማሬ ስላለ የትኛው በኩል እንደሚሻል የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ወባ አገር ነው።

ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ አቢጃታ ሻላ ፓርክ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሰጎን አለ። ሻላ ዳር ፍል ውሃ አለ፤ ሐይቁ ራሱ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነው። አቢጃታ ዳር ግን መኪናውን አርቃችሁ አቁሙ። ውሃው የሸሸበት መሬት የደረቀ ይመስልና ጎማ ይውጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ኩሽናው የወንድሜ ተራ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች። "ያ ቡና አልፈላም እንዴ?" እያለች ወደ ቤቱ ትጣራለች።